በመምህር ገብረ ማርያም ኮት

ሐረር ለሚገኙት ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለሃምሳ አለቃ አዝመራው ይድረስ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ያ በብርድ የሚነሣብዎት ጉልበትዎ የሐረር ፀሐይ ሲያገኘው ተሻለው ወይ? እትዬ ውቢት ደኅና ናቸው? ትንሹ ልጅዎ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና በድዱ ነው የሚነክሰው? እኔ አምላክ ይመስገን በአካሌ ደኅና ነኝ። እናታችንም ደኅና ናቸው፤ ባለፈው ሰሞን ዳንግላ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ አግኝተው ቅቤና አንድ ቁና ሽምብራ ልከውልኛል። እርስዎ ከላኩት ደብዳቤ ጋር ያለው ፎቶግራፍም ደርሷቸው፣ ለጎረቤት ሁሉ እያሳዩ ጠርዙን በመዳሰስ ጨርሰውታል።

በአካሌ ደኅና ነኝ ያልሁት አውቄ ነው፤ ልቤ ደኅና አይደለም። ይህንን ለእናታችን አልጻፍሁም። ለእርስዎ የምጽፈው አንዱ የነገሩ ጫፍ ከእርስዎ ዘንድ ስላለ ነው።

ለዕረፍት ዳንግላ መጥተው ሳለ፣ ከግዳጅ ለመቅረት በብብታቸው ነጭ ሽንኩርት ይዘው ትኩሳት ስለሚያስነሡት ወታደሮች ያጫወቱን ትዝ ይልዎታል? ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። እርስዎ ለቀልድ ያወሩትን እኔ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥሁት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ እርስዎ ምንም ዕዳ የለብዎትም።

አምና በጥቅምት፣ ከጫግኒ በታች ቆላው ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት የሚያቋቁም አንድ መምህር ከእኛ ዘንድ እንዲወርድ ትእዛዝ መጣ። ጥቅምት የንዳድ፣ የወባ ወር ነው። የእንጅባራን ብርድ የለመደ ሰው በዚያ ወር ቆላ ወርዶ ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ያውቃል። አምስት መምህራን ዕጣ ብንጣጣል ለእኔ ወጣ። በማግሥቱ በሁለቱም ብብቴ ነጭ ሽንኩርት ይዤ፣ ራሴን በሻሽ ጠፍሬ፣ እያቃሰትሁ ተኛሁ።

ሊጠይቁኝ ከመጡት አንዱ መምህር ገብረ ማርያም ነበሩ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ የዘንገና ተወላጅ፣ ገበሬውን በአገውኛ ተማሪውን በአማርኛ የሚያስቁ ሰው ናቸው። ረጅሙን ጥቁር ኮታቸውን ሳይለብሱ፣ ዳማ ፈረሳቸውን ሳይዙ የትም አይታዩም ነበር። ጎንበስ ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ። አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ከዚያ፣ «እግዜር ይማርህ፣ አንተ ተኛ፤ እኔ እወርዳለሁ» አሉኝ።

በስድስተኛው ሳምንት በቃሬዛ ተመለሱ። ዳማው ባዶ ኮርቻውን ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር። ከመጡ በኋላ ሁለት ቀን ብቻ ቆዩ።

የዚህን አገር ለቅሶ ያውቁታል፤ ፈረሰኛ ሲሞት የሟቹ ልብስ በኮርቻው ላይ ይደረግና ፈረሱ በለቅሶተኛው መካከል እየተሳበ ይዞራል። ያ ጥቁር ኮት በዳማው ላይ ሆኖ ሲያልፍ እኔ ከሰው ኋላ ቆሜ መሬት መሬቱን አይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሰዉ ግን «ምስኪን፣ ከሕመሙ እንኳ ሳያገግም መጣ» እያለ አዘነልኝ፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም መቀመጫ አመጡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልለቀቁኝም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ሰው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ የሚያሸተኝ ይመስለኛል። ፊቴን መልሼ ሳይ ልጆቹ ብቻ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ሲቀርብልኝ እጄን እሰበስባለሁ፤ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ የመምህር ቅንጦት እያሉ ያሙኛል።

በዚህ ላይ ቴአትር መጣብኝ። ነጋ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ለትምህርት መዝጊያው በዓል «ቆራጡ መምህር» የሚል ድርሰት ጻፈ። መምህሩ መጀመሪያ ሲመጣ ቁጡና ፈሪ ነው። ገበሬውን ደንቆሮ ይላል፤ ልጁን ያላመጣውን አባት በነጭ ለባሽ ዘበኛ አስይዛለሁ ብሎ ይዝታል፤ የጅብ ድምፅ ሲሰማ ግን በሩን በግንድ ይደግፋል። አንድም ተማሪ አያገኝም። እያደር አገውኛ ይማራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ደቦ ወጥቶ ገብስ ያጭዳል፤ ልጆቹም አንድ ሁለት እያሉ ይመጡለታል። በመጨረሻ ወደ ንዳድ አገር የሚሄድ ሰው ሲታጣ፣ ያ ጅብ ይፈራ የነበረው ሰው ተነሥቶ «እኔ እሄዳለሁ» ይልና በፈረሱ ይወጣል።

የማን ሕይወት እንደሆነ መቼም ይገባዎታል። ነጋ መምህሩን ሁነህ ተጫወት አለኝ። እምቢ ብል ምክንያቴን ይጠይቀኛል ብዬ ተቀበልሁ። ብቻ፣ መምህር ገብረ ማርያም አንድም ቀን ፈሪ አልነበሩምና የፍርሃቱን ክፍል አውጣው ብዬ ሞገትሁት። ነጋም «ጀግና ሆኖ የመጣ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ሊሆን ይቀረዋል?» አለኝና አለፈኝ።

ኮቱንና ፈረሱን ከሟቹ ባለቤት ከወይዘሮ ሽታዬ ለምኖ አመጣ። ኮቱ ለእኔ የተሰፋ ይመስል ልኬ ሆነ። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ጠመኔ አገኘሁ። በልምምዱ ሁሉ «እኔ እሄዳለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉን ዘልዬ እወጣለሁ።

በዓሉ ሰኔ ሃያ አምስት ቀን ነበር። ዝናቡ ሳይቀድመን ብለን በጠዋት ጀመርን። ከዘንገናም ከግምጃ ቤትም ሰው በእግሩ መጥቶ ሜዳው ሞልቷል፤ አብዛኛው ቴአትር አይቶ አያውቅም። በጅቡ ሳቁ፤ በአጨዳው አብረው ዘፈኑ። መጨረሻው ላይ ዳማውን አስገቡልኝ። ፈረሱ ሲያየኝ ቆመ፣ ኮቱን አሸተተ፣ ራሱን ደረቴ ላይ አሳረፈ። ፈረሱና ኮቱ አንድ ላይ ሲታዩ ከሰዉ መካከል አንዲት አሮጊት በአገውኛ ሙሾ አወረዱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እያወረዱ ተነሡ፤ በፈረስ የመጡትም ፈረሳቸውን እየሳቡ ይዞሩን ጀመር። ቴአትሩ ቀርቶ ለቅሶ ሆነ። እኔም በሟች ልብስ በመካከሉ ቆሜያለሁ።

ያኔ የተጻፈልኝ ቃል ጠፋኝ። «ዕጣው የወጣው ለእኔ ነበር፤ አልታመምሁም ነበር፤ እሳቸው የሞቱት በእኔ ፋንታ ነው» ብዬ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ጋሼ፣ ማንም አላመነኝም። ሁሉም ቴአትር መሰለው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር እጄን ጨብጠው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉኝ፤ ነጋም የጨመርኸው ከጻፍሁት ይበልጣል ብሎ አመሰገነኝ። ያን ቀን ከሠራሁት ኃጢአት ይልቅ ያገኘሁት ምስጋና ከበደኝ።

በማግሥቱ ኮቱን አጥፌ ወደ ወይዘሮ ሽታዬ ሄድሁ፤ ቴአትር እንዳልነበረ ልነግራቸው። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ። «ያን ዕለት አንተን ጠይቆ ሲመለስ እየሳቀ ገባ» አሉኝ። «ልጁ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል አለኝ፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ወደ በረሃ ስመደብ ሆዴን ብዬ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ፤ ዛሬ ካሳፈርሁት ፈሪ ሆኖ ይቀራል፣ ከተውሁት ግን አንድ ቀን ራሱ ይነሣል አለኝ። የፍርሃቱን ነገር ለነጋ የነገርሁት እኔ ነኝ።»

ኮቱን ዘረጋሁላቸው። «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ሲሉ ቀጠሉ። «በዚህ በር ባለፍህ ቁጥር ረግሜሃለሁ። ኮቱን የሰጠሁት ከአፍህ እስክሰማው ብዬ ነው። ትናንት ሜዳው ላይ ሆኜ ሰማሁ። አሁን ኮቱንም ፈረሱንም አትመልስልኝ፤ እዚያ ታች አርባ ሦስት ልጅ መዝግቦ፣ የትምህርት ቤቱ ጣራ ግማሹ ሳይከደን ነው የቀረው።» መዝገቡንም አውጥተው ሰጡኝ። የመጨረሻዎቹ ስሞች ሲጻፉ የመምህር ገብረ ማርያም እጅ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ከፊደሉ ያስታውቃል።

ቆላው እንድመደብ ማመልከቻ አስገብቼ ተፈቅዶልኛል፤ ከመስቀል በኋላ በዳማው እወርዳለሁ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል እንዲሉ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ወረቀቱን እያራሰው ነው። እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ። ከጦር ሠራዊቱ ሐኪም ዘንድ የንዳድ ኪኒን ከተገኘ ይላኩልኝ። ለእናታችን ለጊዜው ጫግኒ ተዛወረ ብቻ ይበሏቸው።

እትዬ ውቢትን እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ከልጆችዎ ዋጋዬን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ አበረን ድንጋይ መወርወሩን እንዲተው ይምከሩልኝ፤ ድዳሙን ትንሹን ደግሞ ጉንጩን ይሳሙልኝ። ጎረቤትዎን ባሻ ዓለምነውንም ሰላም ይበሉልኝ።

ያንን የነጭ ሽንኩርት ወግ ለወታደሮችዎ መልሰው ሲያጫውቱ ደግሞ፣ እባክዎ ጋሼ፣ መጨረሻውንም ይንገሯቸው።

ታናሽ ወንድምዎ
ስማቸው

እንጅባራ፣ ኮሶ በር
ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.