መሰላሉን የለቀቀ ልጄን ነፃ ላወጡልኝ ዲን

ለተከበሩ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማችን ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እጅዎም እግርዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእርስዎ ተቋም ሙሉ አካል ይዞ መዋል ትልቅ ጸጋ ነውና።

እኔ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል መሰላሉን ለቆ የክፍል ጓደኛውን ከላይ የጣላት ሠልጣኝ እናት ነኝ፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ «መሰላሉ አዳልጦ ነው» ብሎ ልጄን ነፃ ስላወጣልኝ ለማመስገን ብዕር አነሳሁ። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ በዚያ ክፍል አንዱ ሲወጣ ሌላው መሰላል ይይዛል፤ ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል። ልጄ ግን ስልኩ ውስጥ ሌላ ደንብ አለው። ጥቁር መነጽር የማይለየው አንድ ጎልማሳ በየቀኑ በቪዲዮ እየቀረበ፣ «ለሴት ዝቅ ብሎ የሚያገለግል ወንድ አሽከር ነው» እያለ ለሰባ ሺህ ወንዶች ይሰብካል። እርስዎ በሁለት ዓመት ሽቦ ማገናኘት በቅጡ ያላስተማሩትን ልጅ፣ እሱ በሁለት ወር ሰው መጣል አስተማረው። ጎበዝ መምህር ነውና ቢቀጥሩት ያዋጣዎታል።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ የቆመ መሰላል እንዴት እንዳዳለጠ የጠየቀ አንድም የኮሚቴ አባል የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልጄ ግን ገበታ ላይ እየሳቀ ነገረኝ፦ «እማዬ፣ ከወንድ እኩል ነኝ አላለችም? ይኸው ትቻለዋ!» ገበታውን ትቼ ተነሳሁ። ያጠባሁት ልጅ አስጠየፈኝ። እናት እንዲህ ስትል ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አስጠየፈኝ።

ሦስተኛ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ልጅቷ የተሰበረ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ሳለ የተግባር ፈተና ስላልወሰደች ሰኞ ከሠልጣኞች ዝርዝር እንደምትሰረዝ ለጥፈዋል። የጣለውን አሳልፎ የወደቀችውን ማባረር እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ለርኅራኄዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ውለታዎን ለመመለስ የምቸኩል፣

የነፃው ሠልጣኝ እናት

ማስታወሻ፦ «ምስክር አልቀረበም» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ሰኞ ልጅቷ ሳትሰረዝ በማለዳ ቢሮዎ እገኛለሁ፤ ልጄ ያለኝንም ቃል በቃል እመሰክራለሁ። እናት በልጇ ላይ እንዴት ትመሰክራለች ብለው እንዳይደነግጡ። እርስዎ ነፃ አውጥተው ወደ ቤት የላኩት ልጅ፣ ቤት ውስጥ ታናሽ እህት አለችው።