በየምሰሶው ፓኦራ

ጁን 4
ነፋሱ ዛሬም ጃንጥላዬን ገነጠለው። ዌሊንግተን እየኖሩ ጃንጥላ መግዛት የጤና አይደለም።
ቀኑን ሙሉ እንጨት ስቀርጽ ዋልኩ... የኮምፒውተር እንጨት። መሥሪያ ቤታችን ለሚሠራው ጌም የሚሆን የኛ የማኦሪዎች የስብሰባ ቤት። ምሰሶዎቹን ቀርጬ የጭስና የእጅ ወዝ ቀለም አለብሳቸዋለሁ። ፎቶዎቹን ያነሳሁት ሰፈራችን ካለው እውነተኛው ቤት ነው። እዚያ እያንዳንዱ ምሰሶ በምስሉ የተቀረጸ አንድ አያት ነው። አክስቴ ኩኢኒ መጀመሪያ ጸለዩ፣ ከዚያ ነው የፈቀዱልኝ። "ሰዎቹን አደራ" ብለው።

ጁን 7
አለቃችን ብራደን ቸኩሏል። ከአያቶቹ አንዱን፣ የፓኦራን፣ ዱላ የያዘበትን ግማሽ ብቻ ቀረጽኩ፤ ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ እንደ መስታወት ገለበጠልኝ። ሥራችን እንዲህ ነው። ከዚያ እሱኑ እያባዛሁ ግድግዳውን ሞላሁት። ማን ያስተውላል?

ጁን 12
አክስቴ ለዓይን ሕክምና ከተማ መጥተዋል። ሰዎቹን ካላየሁ አልሄድም አሉ። ቢሮ ወሰድኳቸው... ምነው እግሬን በሰበረው!
ፓኦራን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እንደ ቤታችን ወግ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ አስነክተው ሰላም አሉት። አለቀሱም። እኔ ሞኝ፣ ደስ አለኝ። ቀጣዩን ምሰሶ አሳየኋቸው። ደግሞ ፓኦራ። ሰላም ሊሉ ጎንበስ ብለው ነበር፣ ቀና አሉ። ሦስተኛውም ፓኦራ።
"ሌሎቹስ የት ሄዱ?"
ወደ መጀመሪያው ምሰሶ መለስኩላቸው።
"በሁለት እጁ ዱላ መያዝ የጀመረውስ መቼ ነው?"
"ጊዜ አጥሮኝ ነው፣ አክስቴ።"
ይሄኔ አጠገቤ ጌሙን የሚሞክረው ካለም ተኮሰ። በሱ ስክሪን የፓኦራ ፊት ተሰነጠቀ፣ ስንጥሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። አሪፍ ነው የሚሰበረው አለኝ። እሱ ምን ያውቃል።
አክስቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሩ ጋ ውሃ ጠየቁ። ከመቃብር እንደሚመለስ ሰው እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

ጁን 13
ደወልኩ። አያነሱም።

ጁን 14
ብራደንን ፊቶቹ ይውጡ አልኩት። ማስታወቂያው ሊለቀቅ ነው፣ መሰበሩን ብቻ እናስቀር አለ። ክፉ ሰው አይደለም...
"አያቴ ነው እኮ" አልኩት።
"ሪፔካ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?"
ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ አልኩ። ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን አይቶ ተወው።

ጁን 17
ፊቶቹ ወጡ። ግድግዳው ባዶ ሳንቃ ነው። ለኔ የታሰበው የቡድን መሪነት ለሌላ ተሰጠ። ይሁን።
ግን ለምን አይቀለኝም? ጊዜ አጥሮኝ ነው ያልኩት ውሸት ስለሆነ ነው። ጊዜው በደንብ ይበቃኝ ነበር። ከፓኦራ በቀር የማንንም ስም አላውቅም። ስሙን የማላውቀውን ሰው ፊት መቅረጽ ፈራሁ። ከተማ ያደገች ናት እንዳይሉኝ ደግሞ መጠየቅ አፈርኩ።

ጁን 22
ሰፈር ሄድኩ። አክስቴ የስብሰባው ቤት በረንዳ ላይ ድንች ይልጣሉ። አይተውኛል፣ ግን ቀና አላሉም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ፓኦራን አፍንጫ ለአፍንጫ ሰላም አልኩት። አጠገቡ ያለው ምሰሶ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ስንጥቁን ሳይቀር አውቀዋለሁ፣ ፎቶውን ስንቴ አጉልቼ አይቼዋለሁ።
"አክስቴ... ይሄኛው ማን ይባላል?" አልኩ።
የቢላዋው ድምፅ ቆመ።
"ሴት ናት" አሉ። "የፓኦራ እህት። ሪፔካ።"
ስሜ ለአንዲት አያት መታሰቢያ ተብሎ እንደወጣልኝ አውቅ ነበር። የት እንደቆመች ግን ጠይቄ አላውቅም። ጌሙ ውስጥ በፓኦራ ተክቼ የተውኳት እሷን ነው። ግንባሬን እንጨቱ ላይ አሳርፌ አለቀስኩ።
አክስቴ ቢላዋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ።
"ቀጥይ እንጂ" አሉ። "ገና ብዙ ሰው አለ።"