የመኪናችንን መተንፈሻ በቆረቆንዳ ላስደፈኑልን ሊቀ መንበር

ለክቡር አቶ ምንተስኖት፣
የቆላ መንደሮች የወላዶች ማመላለሻ ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ ቀጥዬም የጽሕፈት ቤትዎን ግቢ ንጽሕና አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከአርብ ገበያ ከተማ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሁለቱም ደኅና መሆናቸውን ስለሚነግረኝ ደስ ብሎኛል። እኔ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የማስተምር፣ ስለ ሞተር ያለኝ ዕውቀት ግን ገና ፊደል ካልቆጠረ ሕፃን የማይሻል ሰው ነኝ። ስለዚህ ብሳሳት እንደ ሊቅነትዎ ያርሙኛል ብዬ በመተማመን፣ ቅሬታዬን በአደባባይ ለማቅረብ ደፍሬያለሁ።

አንደኛ። ማኅበራችን ከገበሬው መዋጮ የገዛት መኪና አሮጊት መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ሆዱ ውስጥ ጭስና የዘይት እንፋሎት ስለሚጠራቀምበት፣ በአንዲት ቱቦ በኩል ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ሾፌራችን አዱኛም ከዚያች ቱቦ ጫፍ ላይ የቀለም ቆርቆሮ በሽቦ አስሮ፣ የሚወጣውን ዘይት እያጠራቀመ ይደፋ ነበር። መድፋቱን በረሳበት ቀን ግን ቆርቆሮው ሞላና፣ ለእንግዶች አቀባበል ብለው በግቢዎ ባስነጠፉት ድንጋይ ላይ ጥቂት ዘይት ፈሰሰ። እርስዎም ቆርቆሮው ተፈትቶ እንዲጣል፣ ቱቦውም እንዲደፈን አዘዙ። ሌላ አገር ቢሆን ለዚህ ሥራ መሐንዲስ ይጠራ ይሆናል፤ እኛ ግን የአረቄ ጠርሙስ በምን እንደሚወተፍ ከልጅነታችን ስለምናውቅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተገኘና ነገሩ ባንድ አፍታ ተፈጸመ። አዱኛ ይህ ነገር ደግ አይደለም ቢልዎት፣ «አረቄ ያልገፋውን ውታፍ ደሞ ዘይት ሊገፋው ነው?» ብለው ሰው እንዳሳቁበት ሰምቻለሁ። ስለ ጨዋታ አዋቂነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አዱኛም እንጀራው ነውና በገዛ እጁ ወተፈው፤ እርሱንም ቢሆን ይቅር ለማለት ገና አልበቃሁም።

ሁለተኛ። ልጄን ትርሲትን ምጥ የያዛት ዓርብ ጠዋት ነበር። ምጡ ስለ ጠናባት ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ትሂድ ተባለ፤ አባቷ ነኝና አብሬ ተሳፈርሁ። ሜዳውን በደኅና አለፍን። ዳገቱ ሲጀምር ግን፣ መውጫ ያጣው ትንፋሽ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከቦታው አስፈንጥሮ ጣለው፤ በየማሸጊያው ጎማም በኩል ዘይቱን ወደ ውጭ ገፋው። ሞተሩ ዘይት አልቆበት፣ ደርቆ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክቡር ሆይ፣ ትእዛዝዎ ውጤት አላመጣም ብዬ ግን አልዋሽም። የግቢዎ ንጣፍ ዛሬም ያበራል፤ ዘይቱ የፈሰሰው ከእርስዎ ዓይን ርቆ ነውና።

የደረሰልን ገበያተኛው ነው። ሰላሀዲን የሚባል ነጋዴ ሊሸጠው ይዞት የመጣውን አዲስ ሸራ ከአህያው ላይ ፈቶ ሰጠን፤ ገበሬዎቹ አህዮቻቸውን ከነጭነታቸው መንገድ ላይ ትተው፣ ሸራውን በሁለት እንጨት ላይ ወጥረው ቃሬዛ ሠሩ። ትርሲትን እየተቀባበሉ ሽቅብ ተሸከሟት። አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ደረስን፣ ደረስን» እያሏት ሲሮጡ ጫማቸው ወልቆ መቅረቱን እንኳ አላወቁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳዜም የኖርሁት ሰው፣ ያን ጊዜ አባታችን ሆይ ጠፋብኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ልጄን አተረፉልኝ። ወንዱ የልጅ ልጄ ግን ሞቶ ተወለደ። ስም ሳይወጣለት፣ ክርስትና ሳይነሣ ቀበርነው። ትህትናዬን ጠብቄ ልጽፍልዎ ብነሣም፣ በጣም እንዳዘንሁና በጣም እንደተቆጣሁ ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልሁም።

ሦስተኛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስብሰባ ጠርተው ጉዳዩን መርምረዋል። ጉባኤዎ ነገሩን በጥሞና አጥንቶ፣ ጥፋተኛው ቆረቆንዳው መሆኑን፣ እርሱም ጥራት እንደሚጎድለው ደረሰበት። ስለዚህ ለመኪናዋ ሌላ ሞተር ሲገባላት ቱቦው በብረት ቡሎን እንዲደፈን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ቆረቆንዳው አንድ ቀን በስብሶ ይወድቃል ብለን ተስፋ እናደርግ ነበር፤ ብረቱ ይህንንም ተስፋ ነሣን። እጃቸውን ላወጡት የኮሚቴው አባላት ሁሉ፣ አርቆ አስተዋይነታቸውን እያደነቅሁ፣ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አራተኛም፣ አምስተኛም ነበረኝ፤ ተውሁት። ልመናዬ አጭር ነው። ቱቦው ክፍት ይሁን፤ ቆርቆሮውም ወደ ቦታው ይመለስ። የሚደፋው ሰው ከጠፋ እኔ ራሴ ከቤተ ልሔም እየወረድሁ እደፋዋለሁ። ግቢው ቢቆሽሽም በአመድና በሳሙና ይታጠባል። በቆላው ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ ከዚህች መኪና በቀር ሌላ የላቸውም።

ለንጽሕና ባለዎት ትጋት ዘወትር የምደነቅ፣ ከንጣፍዎ ውጭ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የትርሲት አባት
መሪጌታ ገብረ ሥላሴ

ግልባጭ፦ ዓርብ ዓርብ ለሚወጣ ገበያተኛ ሁሉ።

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ርብቃ ወራቸው መግባቱን ሰማሁ፤ ማርያም ትቅረባቸው። ምናልባት መኪናዋ ዳገቱ ላይ ብትቆምባቸው ከቶ አይስጉ። ገበሬዎቹ ይሸከሟቸዋል፤ የማን ሚስት ናት ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። ይህን እንድጽፍልዎ የለመነችኝ ትርሲት ናት።