ትንሿን ጀልባ የመረጥኩት እኔ ነኝ

እሑድ፣ ኅዳር 19 ቀን 2008፣ ሪያድ

ወንድም ጋሼ፣ ትናንት ሱለይ ሰፈር ካለው፣ አንተ ከምትሠራበት መጋዘን ሁለት የቀዘፋ ጀልባ አውጥተህ፣ «አንተ ተማሪ፣ ለጎርፉ የቱ ይሻለኛል?» አልከኝ። ትንሿ ላይ እስከ ሰባ ኪሎ ይላል፤ አንተ ዘጠና ነህ። አንብቤዋለሁ።

«ትልቋ የአሮጊት ናት። ፈጣኗን ያዝ፣ ያላ!» አልኩህ። ሳቅክ። ዋዲውን፣ ያን ደረቅ የወንዝ ሸለቆ የሞላው ጎርፍ ወዲያው ገለበጠህ፤ ራስህን ከድልድዩ ምሰሶ ጋር አላተመው። ጎትቼ ሳወጣህ አትተነፍስም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። እዚህ እሑድ የትምህርት ቀን ቢሆንም ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መጋዘኑ ሄጄ ከጎርፉ አውጥተው የመለሷትን ያችን ጀልባ በመዶሻ ቀጠቀጥኳት። ፕላስቲክ ናት፤ ትጎደጉድና መልሳ ትነሳለች። ዘበኛው ጋሽ ከድር «ኸላስ፣ ይብቃህ ልጄ፣ እጅህ ደማ» ብለው መዶሻውን ቀሙኝ። በቡጢ ቀጠልኩ።