መቶ ስምንት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ያለህበትን የነገረችኝ ልጅህ ናት፣ እንዳትቆጣት። ባለፈው ወር ሥራ ይዛ የራሷን ክፍል ተከራይታ ወጣች። ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ደንበኛ ፊት «ሱቁ ያለ አንተም ይሄዳል» ብዬ ያዋረድኩህ አፌ አሁን የሚያናግረው አጥቷል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን ግማሽ ልጋራሽ ብሎኛል፤ ያንተ የመቁረጫ ጠረጴዛ ባለበት በኩል ሁለት ወንበር ሊያስገባ። ጠረጴዛው አንዴ ከወጣ የሚመለስበት ቦታ የለም። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪኝ ብሏል፤ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ይሄ ጉድ መጣ። አንተ ከሄድክ ወዲህ መቁረጡም መስፋቱም እኔው ላይ ነው። አጭሩ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ታስታውሰው የለ፣ ሱሪ አሰፋኝ። ትናንት መጥቶ ሲለካው ሱሪው ወለሉን ጠረገ። «እትዬ፣ ሌላ ሰው ጨምሬ ልግባበት እንዴ?» አለኝ። ደብተሩን ገለጥኩ፤ ቁመቱን በገዛ እጄ ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር ብዬ ጽፌአለሁ። ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰመርኩት ግን መቶ ስምንት ነው። «ለራሴ አልቆርጥም» እያልክ ያንተን ሱሪ ብቻ እኔ ነበርኩ የምቆርጠው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። እጄ እኔን ሳያማክር ወደለመደው ሄደ። ልጅህ ስትሰማ «እማዬ፣ ለአባዬ ነዋ የቆረጥሽው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ። ይቅር በለኝ።

ሐሙስ ልጅህ ልትጠይቅህ ስትመጣ ሱሪውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትሰጥሃለች። የማትመጣ ከሆነ በእሷው እጅ መልሰው፤ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አሳጥሬ እሰጠዋለሁ፣ ለፀጉር አስተካካዩም እሺ እለዋለሁ። የምትመጣ ከሆነ ግን ይዘኸው ና። ወገቡን ፈትቼዋለሁ፤ ከሳህ ይሁን ወፈርክ አላውቅምና እዚሁ እለካሃለሁ። ለሌላ ሰፊ እንዳትሰጠው።

ባለህበት ሰው ያክብርህ፤ ጣትህን መርፌ አይንካው።

የልጅህ እናት

ሜትርህ ምስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ሊለካ ሊያወርደው ሲል እጁን መታሁት።