የተዳፋቱ ጠባቂ

ሐምሌ 11 ቀን 2001፣ ጁባ

ባለፈው ሳምንት ዝናብ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከኮረብታው ተንከባልሎ የጎረቤታችንን የእቴነሽን አጥር ደረመሰ። ዛሬ ጀበል በሚባለው በዚሁ ኮረብታ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ተሰብስበን ተዳፋቱን የሚጠብቅ የሰፈር ማኅበር አቋቋምን። የፓያሙ፣ ማለትም የወረዳው፣ አስተዳደር ሰው፣ ደንብ ካወጣን ሥልጣኑን እንደሚሰጡን ነገረን።

"ጋሼ፣ አዲስ አበባ የእድር ጸሐፊ ነበሩ፤ እርስዎ ይጻፉት" አለች እቴነሽ።

"እድር እኮ ለቀብር ነው።"

"ይሄ እንዳንቀበር ነዋ!"

የመጀመሪያው አንቀጽ ቀላል ነበር፤ ከተዳፋቱ ላይ ድንጋይ መፍለጥ ክልክል ነው። ሁሉም እጁን አወጣ። ድንጋይ ፈልጣ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድገው ማማ ኬጂም አወጣች። ቤቷ ከሁላችንም ይልቅ ለተዳፋቱ ይቀርባል።

"ከነገ ጀምሮ ምን ልትሠሪ ነው?" አልኳት።

"እፈልጣለሁ።"

"አሁን ከልክለሽ?"

"ኡስታዝ፣" አለችኝ፣ እዚህ የተማረ ሰው በሚጠራበት አጠራር፣ "የከለከልኩት ድንጋዩ እንዳይወድቅብኝ ነው። ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?"

ቀጥሎ የተዳፋቱ ጠባቂ መመረጥ ነበረበት። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል ሌላ ሰው ስላልተገኘ ማማ ኬጂ ተመረጠች። እኔም እጄን አወጣሁ።

አሁን የቅጣቱን አንቀጽ ልጽፍ ተቀምጬ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ግራ ገብቶኛል።