ናሮቫ ባሕር ውስጥ አይደለችም

ዓርብ፣ ጥቅምት 1 ቀን 89። ማታ፣ አውቶቡስ ውስጥ።

ዛሬም ማይነሷን ረሳሁ። ስንተኛዬ እንደሆነ አትጠይቂኝ ደብተሬ። ላቲትዩድ አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣ ኢንተር አልኩ፣ አንድ የፊጂ መንደር ከነሰዉ ምድር ወገብን ዘሎ ሰሜን ገባ። ምን ላድርግ! አዲስ አበባ ካርታ ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ማይነስ የሚባል ነገር አናውቅም። አገሩ ሁሉ ሰሜን፣ አገሩ ሁሉ ምሥራቅ፤ ቁጥሩን ጽፎ ማለፍ ነው። እዚህ ግን ደቡብ ከሆነ ማይነስ፣ ምዕራብ ከሆነ ማይነስ። ፊጂ ደግሞ ብሶባት ምሥራቅና ምዕራብ የሚገናኙበት መስመር ላይ ተዘርግታለች። ግማሿ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ግማሿ ግራ ጥግ። አገር እንዲህ ይቀመጣል?

የምሠራበት የሲያትል መ/ቤት የዓለምን ካርታ በሲዲ ሊሸጥ ነው። የኔ ድርሻ የፊጂ ከተሞችና መንደሮች። የእያንዳንዱን ቦታ በቁጥር ማስገባት፣ የገባውን ማረም። ሲሉት ቀላል ነው።

ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እስክሪብቶዬ ዘለለ። በቃኝ ለዛሬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሳ ሰዓት።

ተናድጃለሁ። ጽሕፈቴን ይቅር በዪኝ።

ዳግ፣ አለቃዬ፣ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ጥሎ አለፈ። ኮምፒውተሩ ባሕር ውስጥ ያገኛቸው የፊጂ መንደሮች ናቸው። መንደር ባሕር ውስጥ አይኖርም፣ ሶ ስህተት ነው፣ ሶ ዲሊት አድርጊያቸው። ይኼው ነው ትእዛዙ። ቡናውን እየጠጣ።

አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ትንንሽ ደሴት ላይ ያሉ ናቸው። የባሕሩን ዳርቻ የሣለው የኛው መ/ቤት ነው፤ ፋይሉ እንዳይከብድ ብሎ ትንንሾቹን ደሴቶች በሙሉ አስቀርቷቸዋል። ደሴቷን ያጠፋናት እኛ፣ ሰጠመች የምትባለው መንደሯ! ይኼ ምን ይባላል?

ናሮቫ የምትባል አለች። በመርከበኞች ካርታ ላይ አገኘኋት፣ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁት ትልቁ ወረቀት ላይ። ቤ/ክ አላት፣ ት/ቤት አላት፣ ጀልባ የሚጠጋበት አላት። አንከብክቤ ዳግ ፊት ዘረጋሁለት። ናሮቫ ባሕር ውስጥ አይደለችም፣ ይኸው፣ ሰው ይኖርባታል አልኩት። ጠረጴዛውን ሳልመታውም አልቀረሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ የታተመበትን ዘመን አየና ካርታው አሮጌ ነው አለኝ። አሮጌ! ደሴት ምን ሆና ታረጃለች?

በመጨረሻ ተስማማን፣ መስማማት ከተባለ። ደንቡ ለአንድ መንደር ሁለት ምንጭ ነው፤ ካርታው እንደ አንድ ይቆጠርልኛል። እዚያ ያለ የመንግሥት ሰው አዎ አለች ካለ ትቆያለች። እስከ ዓርብ ማታ። ቅዳሜ ጠዋት ዲስኩን ሊወስዱት ይመጣሉ። ካልተገኘ ግን ሁሉንም እጠርጋለሁ፣ በገዛ እጄ። ደግሞ ጨመረልኝ፤ ኮንትራቴ በዚህ ዲስክ ያልቃል፣ ለሚቀጥለው የሚፈልጉት ሥራ የሚጨርስ ሰው ነው። ፈገግ እያለ ነው የሚያስፈራራው። እሱ ነው ደሜን የሚያፈላው።

ምን አገባሽ ትይኝ ይሆናል። ያገባኛል። ክፍለ ሀገር ለካርታ ሥራ ስንወጣ፣ ዕቃችንን ጭነን ልንነሳ ስንል የሰዉ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር። መንገድ ይሠራልን ወይ አይሉም፣ ሐኪም ይመጣል ወይ አይሉም። «ጻፋችሁን?» ነው የሚሉት። ጽፈናችኋል ስንል ይመርቁን ነበር። አሁን ተቀምጬ ሰው ልሰርዝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ደወልኩ! የኛ ማክሰኞ የነሱ ረቡዕ ነው፤ ይኼንን ለማስላት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ፊጂ፣ የመሬት ቢሮ። ከአንዱ ወደ አንዱ አሻገሩኝ፣ ሙዚቃ አሰሙኝ፣ መጨረሻ ላይ ጆኔ የሚባል ሰው አገኘሁ። ድምፁ ረጋ ያለ፣ የሚቸኩልበት የሌለው። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፣ እኔ እየቸኮልኩ።

ፋክሳቸው ተበላሽቷል። የመንደሮቹ መዝገብ ያለበትን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ወደ ደሴቶቹ ወጥቷል፤ የሚመለሰው በነሱ ዓርብ ነው። ያን ቀን ጆኔ መዝገቡን ይዞ ይደውልልኛል፣ ስሞቹን አንድ በአንድ እናያለን። በነሱ ዓርብ ማለት በኛ ሐሙስ። የመ/ቤቱ ስልክ አንድን ይጫኑ ሁለትን ይጫኑ የሚል ቴፕ ስለሆነ የቤት ቁጥር ሰጠሁት።

እንዳልረሳ እዚሁ ልጻፈው፦ ሐሙስ፣ 8 ሰዓት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። ማታ።

ዳግ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ይተነፍሳል ብቻ።

ማታ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። ሬኒየር ቫሊ ያለው ቤት የሳቸው ነው፣ እኔ የላይኛዋን ክፍል ተከራይቼ ነው፤ የምድር ዜና ካልተነገራቸው እራት አይበሉም። ስለ ፊጂ ጠየቁኝ። ቤ/ክ ይስማሉ ወይ? ይስማሉ። ምን ይበላሉ? ዓሣ። ዓሣ ካላቸውማ ጾሙ ምናቸው ነው አሉና፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለብቻቸው ጀመሩት።

ስሞቹን ካላየሁ አሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ሶ በኛ ፊደል ገለበጥኩላቸው፣ የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ። ደብተሬ፣ እንዴት እንደሚገጥም! ናሮቫ። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያንገላታው ስም በኛ ፊደል ልክ እንደሚጠራው ቁጭ ይላል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አነበነቡት። ሳቅሁ። በዚህ ሳምንት መጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል።

አልደወለም።

ግማሽ ቀን አስፈቅጄ፣ ያለ ክፍያ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ሥር ተቀምጫለሁ። 8 ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ! ምንጣፍ እናጥባለን የሚል ሰው። ጮህኩበት፣ ምስኪን። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ይኼ ጆኔ! ያ ሁሉ መረጋጋት ለካ ግድ ማጣት ነው። ቃል መግባት ምን ያደርጋል? ነገ ዳግ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳል፣ እኔ እሰርዛለሁ፣ አለቀ።

ቱክዊላ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ልዙር። እዚህ ከቆየሁ አንድ ነገር እሰብራለሁ።

ያው ሐሙስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት።

እኔን ያንሳኝ! እኔን!

ደውሎ ነበር። በሰዓቱ። እንደገባሁ እትዬ ዘነበች አንድ ጨዋ ሰው ፈልጎሽ ነበር አሉኝ። መቼ? ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ስምንት ያለኝ የፈረንጅ ስምንት ነው፣ የምሽቱ። እኔ 8 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፣ 8 ሰዓት ብዬ አነበብኩ፣ በኛ ቆጣጠር በጠራራ ቀን ጠበቅሁት። አራት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ! አንቺ ደግሞ ተቀብለሽ ዝም። አንድ ቃል አትተነፍሺም?

ጉዱ ገና ነው። እትዬ ዘነበች ያለቻቸውን እንግሊዝኛ ሁሉ አውጥተው አነጋግረውታል። ሺ ኖት ሆም፣ ፍራይዴ ኮል ብለውታል። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሳተርዴይ? ብሎ ጠየቀ አሉ። ኖ! ፍራይዴ! ሲያትል ፍራይዴ! ብለው ተቆጡት። የሲያትል ዓርብ ማታ ለሱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቢሮው ዝግ፣ መዝገቡ የተቆለፈበት። ለሁለት ባሕር ማዶ ሴቶች ብሎ ማን ቅዳሜውን ይሰጣል?

ጮህኩባቸው። እሳቸውም የሰው መልእክት በተቀበልኩ ጥፋተኛ ልሁን ብለው አኮረፉ። እውነት አላቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጉልበታቸውን ይዤ። ትንሽ ቆይተው፣ ድምፁ የዋዛ ሰው ድምፅ አይደለም፣ ይደውላል አሉኝ። ከየት አምጥተው እንዳወቁ እንጃ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ መ/ቤት።

ዳግ ወጣ። ጃኬቱን እየለበሰ ማነው የመንግሥት ሰውሽ አለኝ። ማታ ይደውላል አልኩት። ሰዓቱን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ። ከመሄድሽ በፊት ዝርዝሩን አጽጂ። መልካም ዊክኤንድ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ፋይሉ ያለው እዚህ፣ ስልኩ የሚደወለው ቤት። ለሁለት መሰንጠቅ አልችልም። ሶ እኔ እዚህ እቆያለሁ፣ እትዬ ዘነበች ስልኩ ሥር ይቀመጣሉ። ከደወለ ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ ስሞቹን ያነቡለታል፤ የስ ካለ ምልክት፣ ኖ ካለ ሰረዝ። ቀይ እስክሪብቶ ሰጥቻቸዋለሁ። ከሰርክ ጸሎት ቀርቼልሻለሁ፣ እወቂው ብለውኛል። ከዚህ ወደ ውጭ መደወል ስለሚቻል ከሁለት ሰዓት በኋላ እኔ እደውልላቸዋለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። የምሽቱ። ይኸው ሦስት ጊዜ ጻፍኩልሽ።

ሕንፃው ውስጥ የጽዳት ሠራተኞቹ ብቻ ቀርተዋል። ራበኝ።

ያው ዓርብ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ፤ ተይዟል። እንደገና፤ ተይዟል። እንደገና። እያወራ ነው! ቅዳሜውን መጥቷል!

በመጨረሻ እትዬ ዘነበች አነሱ። ድምፃቸው እንደ ሠርግ ቤት። ሰውዬው ዘበኛ ለምኖ ቢሮውን አስከፍቶ ነው የደወለው። እሳቸው ስም ሲጠሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ የስ፣ የስ ይል ጀመር። አንዱንም ድገሚልኝ አላላቸውም። ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት። እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ እዘላለሁ፣ የሚያጸዳው ሰውዬ ቆሞ ያየኛል። ሁሉም አሉ! ይኸው ዳግ! ይኸው!

ከዚያ እትዬ ዘነበች አንዷን ግን ሰረዝ አድርጌባታለሁ አሉኝ።

ናሮቫን ኖ ብሏል።

ኖ ፒፕል። ባሕሩ እየገባ ቤቱን ሲበላባቸው ጊዜ ሰዉ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ቤ/ክኑን አፍርሰው እንጨቱን ተሸክመው ይዘውት ወጡ። ከድሮው ቦታ የቀረው ውኃ ውስጥ የቆመ ምሰሶ ነው። እትዬ ዘነበች የውኃውን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተረዱት አላውቅም።

የኔዋ ናሮቫ። ጠረጴዛ የደበደብኩላት። ኮምፒውተሩ ባሕር ውስጥ ናት ሲል እውነቱን ነበር፣ ዳግ ካርታው አሮጌ ነው ሲልም እውነቱን ነበር። ደሴት እንዲህ ታረጃለች ለካ። አፈርኩ። ከዚያም ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ። ዝርዝሩ ውስጥ ምልክት ያላገኘች እሷ ብቻ ናት፣ ዲሊት ልበላትና ሰላሜን ላግኝ ብዬ ጣቴን አስቀመጥኩ።

እትዬ ዘነበች ግን አልጨረሱም ነበር። ወዴት ሄዱ ብለው ጠይቀውታል። ቁጥር የለውም፣ አዲሱ ቦታ ገና መዝገብ አልገባም። መንገዱን ነው የነገራቸው። ከምሰሶዎቹ ተነሥተሽ ወንዟን ይዘሽ ወደ ላይ፣ ትልቁ ድንጋይ ጋ ስትደርሺ ወደ ቀኝ፣ ከማንጎዎቹ በስተጀርባ። እሳቸውም እንዳለ መለሱልኝ፣ እንደ ጎረቤት ቤት። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ዓይነት አነጋገር መንደር ስፈልግ ኖሬያለሁ።

የመርከበኞቹን ካርታ ዘረጋሁ። ወንዟ አለች። ድንጋዩ አለ፣ ለመርከበኛ ምልክት እንዲሆን ተሥሏል። ከሱ ቀኝ ሜዳ ይመስላል። ነጥቤን እዚያ አሳረፍኩ። ቁጥሩን አነበብኩ፣ አስገባሁ። ደቡብ ናት፣ ምዕራብም ናት። ሁለቱንም ማይነስ አልረሳሁም። ግምት ነው የሚለውንም ምልክት አደረግኩ፤ አልዋሽም።

ኮምፒውተሩ ምንጭ አንድ አለኝ። የመሬት ቢሮ፣ በስልክ። ምንጭ ሁለት አለኝ። ሳይሞላ አያሳልፍም፤ አሮጌው ካርታ ደግሞ አዲሱን ቦታ አያውቀውም። ወ/ሮ ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። ሬኒየር ቫሊ፣ ሲያትል።

ሰኞ ዳግ ይኼን ያያል። ማናት ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። ኮንትራቱንም የሚያደርገውን ያድርግ። ከዝርዝሩ አንድም አልሰረዝኩም፣ አልሰርዝምም።

እትዬ ዘነበች ስልኩን አልዘጉም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬያቸው ነው የምጽፍልሽ። ከዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ ደጋግመው እየጠየቁኝ ነው። ጻፍሻቸው ወይ? አንቺ ልጅ፣ ጻፍሻቸው?

ቆይ፣ ኢንተሯን ልጫን።